የጋሽ ወንዳወቅ ቀይ እስክሪብቶ

ጋሽ ወንዳወቅ ማረፋቸውን የነገረኝ ባለባጃጁ ቢያዝን ነው። የወረቀት ካርቶን አቅፌ ከመናኸሪያ ወደ ሱቄ ሲያደርሰኝ፣ በመስታወቱ አየት አደረገኝና፣ «ጎረቤትህ ሰውዬው ጠዋት ዐረፉ አሉ» አለኝ። ከዚያ ከአፌ የወጣው ቃል የእኔ አልነበረም።

«አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?»

ቢያዝን ባጃጁን ቀዝቀዝ አደረገ። «ሰምቼ ነው» አለ፣ ጥፋት እንደተገኘበት ሰው።

እንግዲያውስ በቤታቸው በኩል እንለፍ አልኩትና አለፍን። በራቸው ላይ ድንኳን እየተተከለ ነበር። ሁለት ካስማ ተመትቷል፤ ሦስተኛው ገና ነው። ግድግዳው ሥር አሥራ አንድ ሰዎች ነጠላ አዘቅዝቀው ቆመዋል። ይህን ሁሉ ለምን እንደቆጠርኩ በጊዜው አላወቅሁም።

ከተማ ያለ መብራት ይኖራል፤ ያለ ውኃም ሰንብቶ ያውቃል። ያለ አጣሪ ግን አንድ ቀን አያድርም። አጣሪ ማለት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ የሚቆጥር፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ «ስንት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ሐሜተኛ አይደለም፤ ሐሜተኛ ይጨምራል፣ አጣሪ ይቀንሳል። ተከራካሪም አይደለም፤ ተከራካሪ ማሸነፍ ይፈልጋል፣ አጣሪ ግን ቁጥሩ ከተስተካከለለት ሄዶ ይተኛል። አማትህ በሠርግህ ሁለት ሺህ ሰው በላ ጠጣ ብለው ሲያወሩ፣ ከጥግ «ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት፣ ሕፃናትን ጨምሮ» የሚል ድምፅ ከሰማህ እሱ ነው። የእናንተንም ሰፈር አጣሪ ታውቁታላችሁ። የእኛው፣ ሊቀ አጣሪያን ወንዳወቅ፣ ከሁሉም የከፉ ነበሩ።

ሥራቸው ነው ያበላሻቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በዋግ ኽምራ ገጠር እየዞሩ የግብርና ቆጠራ ሠርተዋል፤ መጀመሪያ ቆጣሪ፣ በኋላም የቆጣሪዎች ተቆጣጣሪ ሆነው። ገበሬው ስድስት ፍየል አለኝ ሲላቸው «እስኪ እንያቸው» ይሉ ነበር። ፍየሎቹ ገደል ላይ ከሆኑ እሳቸውም ገደል ይወጣሉ። ቆጣሪዎች ቅጹን በእርሳስ ይሞላሉ፣ ተቆጣጣሪው በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። ጡረታ ሲወጡ ቦርሳውንም፣ የመለኪያ ገመዱንም፣ ኮምፓሱንም በደረሰኝ አስረከቡ። ቀዩን እስክሪብቶ አላስረከቡም።

ከዚያ በኋላ ቅጽ ስላጡ እኛን ማረም ጀመሩ። ከሁሉ የሚፈራው በቀብር ላይ ነበር። እንደምታውቁት የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። የዕድራችን ጸሐፊ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ» እያለ ሲያወርደው፣ ጋሽ ወንዳወቅ ከኋላ ሆነው በለሆሳስ «ለሁሉም አይደለም» ይላሉ። አንድ ጊዜ «በሥራቸው የተመሰገኑ» ሲባል «ማን አመሰገነ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ጸሐፊው መስመሩ ጠፍቶበት ሟቹን ሁለት ጊዜ ወለዳቸው።

እኔ ፋንታሁን እባላለሁ። ሰቆጣ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ የራሴን ኑሮ የምጽፍበት ብሎግ አለኝ። ዜና አልጽፍበትም፣ ሰውም አልመክርበትም። ምን እንደበላሁ፣ ጣሪያዬ የቱ ጋ እንዳፈሰሰ፣ ሱቄ የመጣ ሰው ለማመልከቻው ምን ቃል እንዳስጨመረኝ እጽፋለሁ። አንባቢዎቼ ሦስት መቶ ግድም ነበሩ። ሦስት መቶ አራት፣ ይሉ ነበር ጋሽ ወንዳወቅ፣ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው።

ስልክ ላይ ማንበብ አይወዱም። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሱቄ ይመጡና የጻፍኩትን በእኔው ፕሪንት አስደርገው፣ ዋጋውን ከፍለው፣ እኔው ፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በቀይ ያርሙታል። የደንበኛ ብዛት አያግዳቸውም። አንድ ሰው ጉርድ ፎቶውን እያስቀዳ እኔ ስታረም ቆሞ ያያል።

አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ዳቦዬን ከአባቴ ቀፎ በተቆረጠ ነጭ ማር እያጠቀስኩ ስለ ልጅነቴ እንዳሰብኩ ጻፍኩ። ጋሽ ወንዳወቅ አነበቡት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ።

«አባትህ ቀፎ የላቸውም።»

«ድሮ ነበራቸው እኮ፣ ጋሽዬ።»

«በዘጠና ስድስት ሁለት ነበራቸው፤ አንዱ ባዶ። የቆጠርኩት እኔ ነኝ።»

ማሩን ከገበያ ነበር የገዛሁት። አስተካከልኩት። ሌላ ጊዜ ወፍ ሳይንጫጫ ተነሥቼ እንደምጽፍ ገለጽኩ፤ ግድግዳ የምንጋራ ሰዎች መሆናችንን፣ መስኮቴም የሚከፈተው ወፎቹ ጠግበው ከሄዱ በኋላ መሆኑን አስታወሱኝ። በትሕትና «እኔ ምንም የማላውቅ ሰው ነኝ» ብዬ የጀመርኩበትን ጽሑፍ ደግሞ በቀይ አስምረውበት ከጎኑ «እውነት ከሆነ ለምን ትጽፋለህ? ሐሰት ከሆነ ሰርዝ» ብለው ጻፉበት። ሰረዝኩ። ከዓመት ዓመት ማሩም፣ ወፉም፣ ትሕትናውም እየረገፉ ጽሑፌ እንደ እኔው ሽሮ ሆነ፤ ብዙ ነገር የማይገባበት። አንድ አንባቢ ከባሕር ዳር «እንዴት እንዲህ ቅን ልትሆን ቻልክ?» ብሎ ጻፈልኝ። ቅንነቴ ጎረቤት እንደሚኖርና ሐሙስ ሐሙስ እንደሚመጣ አልነገርኩትም።

ባለቤቴ ሰርካለም በዚህ ሁሉ ከእሳቸው ጎን ነበረች። የማሩን ወሬ ስትሰማ የምትሰፋውን የተማሪ ልብስ አስቀምጣ እስክትነፈርቅ ሳቀች። እሷ የአምደወርቅ ልጅ ናት። ከእናቷ ከእማማ ወለተጊዮርጊስ ጋር የምታወራው በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና ብቻ ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ስለ እናቷ የሆድ የሆዷን በአማርኛ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ወንዳወቅም ፍየል ሲቆጥሩ የለመዱት ኽምጣና ስለነበራቸው፣ ሁለቱ በአጥሩ ላይ ሆነው እኔን በማልከተለው ፍጥነት ያሙኝ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት በጥቅምት ሰርካለም ታመመችና ሆስፒታል ገባች። ዐሥራ ሰባት ቀን ተኛች። ጋሽ ወንዳወቅ ከእኔ ጋር እየተፈራረቁ አስታመሟት። የግሉኮሱን ጠብታ በደቂቃ እየቆጠሩ ደብተር ላይ ይመዘግቡ ነበር። ነርሶቹ መጀመሪያ ተቆጧቸው፣ በኋላ ስንት እንደሆነ ይጠይቋቸው ጀመር። እኔ ደግሞ በየቀኑ ስለ እሷ ብሎጌ ላይ እጽፋለሁ። አንባቢዎቼ እየጸለዩ ነበር፤ የአንባቢው ቁጥርም እየጨመረ ነበር። ሁለተኛውን ያኔ አላየሁትም ብል ጋሽ ወንዳወቅ ይሰርዙብኛል።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ዐይኗን ገለጠች። እጇን ብቻ ፎቶ አነሣሁ፤ ብርድ ልብሱ ላይ ያረፈ እጅ። ክፍሉ ውስጥ ኔትወርክ ስለማይሠራ «አሁን እመጣለሁ» አልኳትና፣ ከግቢው ወጥቼ ከመንገዱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጣሁ። ፎቶው አልጫን አለ። ስልኩን ወደ ላይ ይዤ ቆምኩ። ግማሽ ላይ ይደርስና ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል።

ስመለስ ጋሽ ወንዳወቅ በሩ ላይ ቆመው ነበር። በዐሥራ ሰባት ቀን ውስጥ በዚያ በር ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው እንጂ ቆመው አይቻቸው አላውቅም።

«ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ» አሉኝ።

በአርባዋ ስለ መሞቷ ጻፍኩ። ማሽኔ አጠገብ ተቀምጬ አንዴ ሳልነሣ ጨረስኩት። እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «እጇን እንደያዝኩ ዐይኖቿን ወደ እኔ አቀናች። ‹እናቴን አደራ፤ ሳልሰናበታት መሄዴን ይቅር ትበለኝ› አለችና አንቀላፋች።» ስጽፈው ውሸት የምጽፍ አልመሰለኝም። እጇን ያልያዝኩት ሰው ስለነበርኩ፣ ቢያንስ እዚያ ልይዘው ፈለግሁ።

ጽሑፉ በሦስት ቀን አርባ ሺህ ሰው ዘንድ ደረሰ። ከማላውቀው አገር ሰዎች እያለቀስን አነበብነው አሉኝ። ከአምደወርቅም መልእክት መጣ፤ እማማ ወለተጊዮርጊስ ልጄ ስለ እኔ ያለችውን ቃል በወረቀት ላክልኝ ብለዋል። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ቤታቸው እንዲኖር ፈልገዋል። ባለኝ ደህና ወረቀት አትሜ፣ እርጥበት እንዳይነካው ላሚኔት አድርጌ፣ በሚኒባስ ሰደድኩላቸው።

ሐሙስ ጋሽ ወንዳወቅ መጡ። ጽሑፉን አሳትመው፣ ከፍለው፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀሉ። አነበቡ። ክዳኑን መልሰው ከደኑ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ፋንታሁን፣ ይህን አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?»

ማሽኑን የምጠግን መስዬ ጎንበስ አልኩ። «አላየሁም» አልኩ።

«ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም።»

«እኔ አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁም። ያለችውን ልንገርህ?»

«አይንገሩኝ፣ ጋሽዬ።»

ወረቀቱን በአራት አጥፈው የደረት ኪሳቸው ከተቱት። እንግዲያውስ በፈለግሁ ጊዜ እንድጠይቃቸው፣ ያለዚያ ግን በጻፍኩበት እጅ እንዳስተካክለው ነግረውኝ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ እንደ ወባ ይመጣብኝ ጀመር። አዳዲስ የጻፍኩትን እንደ ወትሮው ያርማሉ። ስለ ዝናብ ጽፌ «ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ» ካልኩ «ከስድስት እስከ ስምንት» ይላሉ። ከዚያ ይነሡና በሩ ላይ ቆም ብለው፣ ሳይዞሩ፣ «ያችኛዋስ?» ይላሉ። እኔ ወረቀት እደረድራለሁ። ይሄዳሉ። ሐሙስ ዕቃ ላመጣ ነው ብዬ ሱቅ መዝጋት ጀመርኩ፤ ዓርብ መጡ። አንባቢዎቼ ደግሞ ሌላ ምን አለች እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። አንድ ቀን ሌላ ነገር ላስብላት ተቀምጬ ሁለት መስመር ጻፍኩ። በግድግዳው ማዶ ጋሽ ወንዳወቅ ሳሉ። አጠፋሁት።

ማስተካከል ቀላል ነበር፤ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ግን አምደወርቅ ያለው ወረቀት አለ። ከዚያ የመጣ ሰው ሁሉ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፤ እማማ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከሥዕለ ማርያሟ ሥር አውጥተው ያስነብቡታል፣ ሲነበብ ቀና ይላሉ።

ለሙት ዓመቷ አምደወርቅ ሄድን። ጋሽ ወንዳወቅ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው እስክንደርስ ድረስ ጉድጓድ ሲቆጥሩ ሄዱ። ያን ቀን ምን እንደሚሉ አልጠየቅኋቸውም፤ አስቀድሜ ለመለመን አፌን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት።

ቄሶቹ ከባረኩ፣ ሰውም በልቶ ከጨረሰ በኋላ፣ እማማ ወለተጊዮርጊስ ከመደባቸው ተነሡ። ያን የሚያብለጨልጭ ወረቀት አውጥተው ጋሽ ወንዳወቅ ጉልበት ላይ አኖሩት። የተናገሩት በኽምጣና ነው፤ ቀስ ብለው ስለተናገሩ ገባኝ።

«አንተ ቆጣሪው» አሏቸው፣ «የዚያን ጊዜ አንዲት ፍየል ደብቄብህ፣ ከጎረቤት ጎተራ ኋላ ድረስ ሄደህ አግኝተህብኛል። ዛሬ አንተ እንዳትደብቀኝ። ስትሞት አጠገቧ ነበርክ አሉ። ልጄ ስለ እኔ በአማርኛ ተናግራ አታውቅም። ይህን በምን ቋንቋ ነው ያለችው?»

እጄ ላይ የነበረውን ብርጭቆ መሬት አስቀመጥኩት። ዐሥራ አንድ ዓመት ሚስቴ የነበረችን ሴት ቋንቋ ስሳሳት፣ ያገኘችኝ እናቷ ናት። ጋሽ ወንዳወቅ ወደ እኔ አላዩም። ወረቀቱን አንሥተው አዩት፤ መልሰው አስቀመጡት። ደረታቸው ላይ ቀዩ እስክሪብቶ ተሰክቷል። ሲናገሩ ድምፃቸው ቅጽ እንደሚያነብ ሰው ነበር።

«እዚያ ነበርኩ። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሃያ ነበር። ብቻዋን አልነበረችም። አልተጨነቀችም፣ ትንፋሿን ቆጥሬዋለሁ። የተናገረችው በኽምጣና ነው።»

የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ በኋላ አንድ በአንድ አይቼዋለሁ። ጽሑፉ ልክ ነው አላሉም።

እማማ ግን ከቃሉ መጨረሻውን ያዙ። «በኽምጣና» አሉ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «አንተ ነሃ ወደ አማርኛ የገለበጥከው! ይበጅ፣ ልጄ፣ አሳምረህ ገልብጠኸዋል» አሉኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አንገቴን ዝቅ አደረግሁ። ትሕትና መሰላቸው።

ውጭ ስንወጣ ጋሽ ወንዳወቅ ጫማቸውን ለማሰር አጎነበሱ። «እኔ ዘንድ ያለውን ሰጥቻለሁ» አሉኝ ከመሬት ሳይነሡ። «የቀረው አንተ ዘንድ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ያችኛዋስ?» ማለታቸውን ተዉ። ሐሙስ መጥተው ያርማሉ፣ ይሄዳሉ፤ በሩ ላይ አይቆሙም። እንደሚቀለኝ አስቤ ነበር። አልቀለለኝም። አንዳንዴ እሳቸው ሲወጡ ቆም እንዲሉልኝ ማሽኑን አጠፋና ጠብቅ ነበር። በሚመጣው ሐሙስ እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ ዐሥራ አንድ ወር ሐሙስ ሄደ። ከዚያ ቢያዝን በባጃጁ መስታወት አየት አደረገኝ።

የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ሱቁ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ። የዕድሩ ጸሐፊ የተለመደውን ረቂቅ ይዞ መጣ፤ ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ በሁሉ ዘንድ የተወደዱ። ቀይ እስክሪብቶ ከመሳቢያ አወጣሁ። ይህ ሰው ቢያንስ ለቀብሩ ይወደድ እንጂ ብሎ ጸሐፊው ለመነኝ። «የት ነው የተወደዱት? ስንት ሰው?» አልኩት። ጸሐፊው ትክ ብሎ አየኝና፣ «በል እንግዲህ፣ አንዱ ሄደ ስንል ሌላው ተተካ» ብሎ ረቂቁን ጥሎልኝ ሄደ።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያነበብኩት አጭር ነበር። የት እንደተወለዱ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደቆጠሩ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ደብሬ ጋር አርባ ዓመት እንደኖሩ አነበብኩ። ለሁሉም ደግ እንዳልነበሩ፣ ጎረቤታቸው ስትታመም ግን ዐሥራ ሰባት ቀን እንዳስታመሙ፣ ቀኖቹንም እኔ እንደቆጠርኳቸው አነበብኩ። «ሰው ሁሉ አይወዳቸውም ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሳቅ አምልጣ ወጣች፤ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ፣ እያለቀሰ የነበረውም ጭምር። «ዛሬ ግን እዚህ አራት መቶ ስድስት ሆነን ቆመናል» ብዬ ጨረስኩ። ካህናቱን ሳልጨምር ነው። ከኋላ የሆነ ድምፅ እስኪያርመኝ ቆም ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም።

በሥልስቱ እትዬ ደብሬ ወደ ጓዳ ጠሩኝና ክላሰር ሰጡኝ። እስከ አፉ ሞልቷል፤ የእኔ ጽሑፎች ናቸው፣ የስምንት ዓመት፣ በቀን ተራ።

«ሐሙስ ሐሙስ ሲመለስ እዚህ ያስገባው ነበር» አሉኝ። «አንድ ቀን ምን ያደርግልሃል ብዬ ብጠይቀው፣ ልጁ ማሳመሩን ሲተው ጥሩ ይጽፋል፣ አለኝ። ላንተ እንዳልነግርህም አስጠነቀቀኝ። እንግዲህ አሁን ምን ያመጣል።»

ክላሰሩን ይዤ ሱቄ ሄጄ በሩን ከውስጥ ዘጋሁ። ያችኛዋን ፈለግሁ። በአራት የታጠፈችው ናት፣ መታጠፊያዋ ላይ ሳስታለች። «እጇን እንደያዝኩ» የሚለው ላይ አንድ ቀይ መስመር አለ። «እናቴን አደራ» የሚለው ላይም እንዲሁ። ከላይ በጠባቡ ቦታ፣ በዚያ የቅጽ ጽሕፈታቸው፣ እንዲህ ተጽፏል፦

«በኽምጣና ነው ያለችው። ትርጉሙ፦ ‹መጣ?› ነው። እኔም ‹እየመጣ ነው› አልኳት።»

ከዚህ ሥር፣ ከራሳቸው ዐረፍተ ነገር መጨረሻ፣ በዚያው ቀይ ቀስት ስበው የራሳቸውን ቃል አርመውታል።

«ይህን ያልኩት ሳላይም ሳልሰማም ነው።»

ቀኑን ጽፈው ፈርመውበታል፣ ተቆጣጣሪ ሳሉ እንደሚያደርጉት።

ብዙ ሰዓት አየሁት። ገደል ወጥተው ፍየል የቆጠሩ ሰው፣ አንዲት ቃል ሳያጣሩ ተናግረዋል፤ የተናገሩትም ስለ እኔ ነው። ያም ሳይቆረቁራቸው አልቀረም፤ በኪሳቸው ይዘውት ስለኖሩ ይሆናል ወረቀቱ ያለቀው።

እንግዲህ ማጣራቱ ለእኔ ቀረ። ብሎጉ ሰዓት ይመዘግባል። ያቺ የእጇ ፎቶ የወጣችው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ ነው። ዘጠኝ ከሃያ ላይ ጉብታው ላይ ስልኬን ወደ ላይ ይዤ ቆሜ ነበር። ቀይ እስክሪብቶዬን አንሥቼ ከእሳቸው ፊርማ ሥር «እየመጣ አልነበረም» ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን ጨምሬ ፈረምኩ። ከዚያ ማሽኔን ከፍቼ፣ ብሎጉ ላይ ያሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አጠፋሁና የሆነውን አስገባሁ፤ እንደታረመም ከሥሩ ገለጽኩ። ለማሳተም የሚጫነውን ቁልፍ ግን አልተጫንኩትም።

እማማ ዘንድ ያለው ወረቀት በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ላሚኔት ላይ ቀይ እስክሪብቶ አይጽፍም፤ ሞክሬዋለሁ። ሄዶ በአፍ መንገር ብቻ ነው ያለው፤ አደራ እንዳላለች፣ እኔ እንዳልነበርኩ፣ «መጣ?» እንዳለች። እማማ ከእኔ አፍ ሳይሰሙ የታረመውንም፣ ይህንንም ጽሑፍ ማንም አያነበውም።

ወደ አምደወርቅ የሚሄደው የመጀመሪያው ሚኒባስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል። ዛሬ ሐሙስ ነው። እስካሁን አልተሳፈርኩም።